ማዳበሪያ የገባበት የጉድጓድ ውሃ ሲፈላ ይጠራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቡሬ አካባቢ ገጠር ነው። የሁለት ወር ተኩል ልጄ ጡቴ ስላልበቃው የላም ወተት በውሃ እያቀጠንኩ በጡጦ እሰጠዋለሁ። ውሃው ከጓሯችን ጉድጓድ ነው፤ አፈላዋለሁ። ጉድጓዱ የበቆሎ ማሳው ጥግ ስለሆነ ማዳበሪያ ይገባበታል ብለው አስፈሩኝ። ልጁን ተቅማጥ ሲይዘው ከታላቁ የተረፈ አሞክሳሲሊን ሰጠሁት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከንፈሩ ጠቆር ብሏል። አማቴ ብርድ ነው አሉ። ውሃውን ስንት ደቂቃ ላፍላው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ልጁን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። አሁኑኑ። የቀረውን መንገድ ላይ ያነቡታል።

የጠየቁኝ ስለ ደቂቃ ነው። የጨነቀዎት ግን «ልጄን በእጄ መረዝኩት ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ጥፋተኛ አይደሉም። ማዳበሪያ ውሃው ውስጥ የሚጥለው ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ቀለም፣ ሽታና ጣዕም የለውም። ከዩሪያና ከዳፕ ማዳበሪያ፣ ከከብት እበትና ከመጸዳጃ ጉድጓድ በዝናብ እየሰረገ ይወርዳል። ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ መኖሩን በዓይን ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ ማፍላቱ። ወጥ ብዙ ሲንተከተክ ጨው ይበዛበታል አይደል? ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ናይትሬትም እንዲሁ ነው። ሁለት ሊትሩ ፈልቶ አንድ ሊትር ሲቀር መጠኑ እጥፍ ይሆናል። አንዲት ጠንቃቃ እናት ልጇን ለማዳን ብላ አብዝታ ስታፈላ ይብስበታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያወጣም። በነጠላ ማጥለልም እንደዚያው። ትልልቆቹ የሚጠጡትን ግን ማፍላት አይተዉ፤ ለጀርሙ ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 50 ሚሊግራም ናይትሬት ነው። በዋናነት የታሰበውም ጡጦ ለሚጠቡ ሕፃናት ነው። በጨቅላ ሆድ ውስጥ ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለወጥና ደሙ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። ተቅማጥ ሲጨመርበት ይከፋል።

ከንፈሩን «ብርድ ነው» ማለት አልቀበልም። ብርድ የመታው ልጅ ሲሞቅ ከንፈሩ ይመለሳል፤ የእርስዎ ልጅ ግን ሦስተኛ ቀኑ ነው! በጠይም ቆዳ ላይ ለውጡ ቶሎ አይታይም። ከንፈሩን ገልጠው ድዱን፣ ምላሱንና ጥፍሩን በብርሃን ይዩ። ከጠቆረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ አንድ ሌሊት እንኳ አይጠበቅም። መንስኤው ናይትሬት ሆነም ሌላ፣ የጠቆረ ከንፈር በቤት አይታከምም። ናይትሬት ከሆነ ደግሞ መድኃኒት አለው፤ በሆስፒታል በደም ሥር ይሰጣል፣ በጊዜው የደረሰ ልጅም ይድናል።

የተረፈ አሞክሳሲሊን ግን ለምን? ይህን ስንት ጊዜ እንደምናገር አላውቅም። ለታላቁ የታዘዘ መጠን ለጨቅላ አይሆንም። መድኃኒቱ ራሱ ተቅማጥ ሊያባብስ ይችላል። ሁለት ቀንም በልቶብዎታል።

ጡትዎን አይጣሉት። እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ውሃም ወተትም አይሰጠው። የጉድጓዱን ውሃ እርስዎ ቢጠጡም ልጁን የሚጎዳ ናይትሬት በጡትዎ አያልፍም። ቶሎ ቶሎ ሲጠባ ወተቱ ይጨምራል። አያያዙን ጤና ጣቢያ ያሳዩዎታል።

ለነርሷ የላም ወተቱን፣ የጉድጓዱን ውሃና አሞክሳሲሊኑን ሳይደብቁ ይንገሯት። ባለቤትዎ ደግሞ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ጉድጓዱ እንዲመረመር ይጠይቅ።