ገመድ ዝላይ በቻይና፦ መነሻውና የዛሬ አገልግሎቱ

«ገመድ ዝላይ በቻይና ከመቼ ጀምሮ ይታወቃል? ከልጆች ጨዋታ ያለፈ ጥቅምስ አለው ወይ?» ብለው ለጠየቁት እህታችን፣ ለትምህርት ሄጄ ቤጂንግ በቆየሁባቸው ዓመታት ያነበብኩትንና በልጄ በኩል ያየሁትን ላካፍልዎ።

ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥ የሚደንቀኝ በሰሜን ቺ መንግሥት ታሪክ ውስጥ የሰፈረው ነው። ይህ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ550 እስከ 577 የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ ክፍል የገዛ ሲሆን፣ የነገሥታቱ የቤተሰብ ስም ጋኦ ነበር። በመጨረሻው ዘመን ልጆች ገመድ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መሬት እያስነኩ ወደ ላይ እየመለሱ ሲዘሉ «ጋኦ ሞ» እያሉ ያዜሙ እንደነበር ታሪኩ ይናገራል። «ሞ» ማለት መጨረሻ ነው። ጸሐፊው ይህን የመዘገበው ለጨዋታው አስቦ ሳይሆን የጋኦ ቤት መውደቂያ ምልክት አድርጎ ስላየው ነው፤ በጥንቱ የቻይና የታሪክ አጻጻፍ የልጆች ዜማ እንደ ትንቢት ይቆጠር ነበርና። ያ ትንቢት ባይፈለግ ኖሮ ስለ ጨዋታው ይህን ያህል ባልደረሰን ነበር።

ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ በ1635 ስለ ቤጂንግ የተጻፈ መጽሐፍ በመጀመሪያው ወር በሚከበረው የፋኖስ በዓል ሁለት ልጆች ገመድ ሲያሽከረክሩ እንደ ነጭ የብርሃን መንኮራኩር ይታይ እንደነበርና ሌላው ልጅ በብርሃኑ መካከል ይዘል እንደነበር ይገልጻል። ስሙም «ነጭ ገመድ መዝለል» ነበር። የዚያን ወር የቤጂንግ ብርድ ስለቀመስኩት፣ ልጆቹ ለምን ይህን ጨዋታ እንደመረጡ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ዛሬ ገመዱ ፈተናም ሆኗል። በ2014 በተሻሻለው የተማሪዎች አካል ብቃት መመዘኛ መሠረት የአንድ ደቂቃ ዝላይ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል ከመቶው 20 ነጥብ ይይዛል። የአንደኛ ክፍል ተማሪ ሙሉ ነጥብ ለማግኘት ወንድ ከሆነ 109፣ ሴት ከሆነች 117 ጊዜ መዝለል አለባት። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት 30 እንኳ መድረስ አቅቷት አልቅሳለች። የረዳት ገመዱን ማሳጠራችን (መሐሉን ስትረግጠው እጀታው ከደረቷ እንዲደርስ)፣ ክንዷን ትታ በእጅ አንጓዋ ብቻ እንድታዞርና ከመሬት ብዙ ሳትነሳ በእግሯ ጣቶች እንድታርፍ ማስለመዳችን ነው። በጓንግዡ ከተማ ሁዋዱ ወረዳ የሚገኘው የቺሺንግ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ደግሞ ከዚህም አልፈው የብስክሌት ፍሬን ሽቦን እንደ ገመድ ተጠቅመው፣ ተማሪዎቻቸውን ጎንበስ ብለው እንዲዘሉ አሠልጥነዋል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ በ2015 ዱባይ በተደረገ የዓለም ውድድር በ30 ሰከንድ ከ200 ጊዜ በላይ ዘሏል።

እኔ ግን ቁጥሩ ብቻውን ልጅን ገመድ ያስወድዳል ብዬ አላምንም። ልጄን ከገመድ ያስታረቃት የክፍሉ ረጅም ገመድ ነበር፤ ሁለት ልጆች ያዞሩታል፣ ሌሎቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ እየገቡ ዘለው በሌላው በኩል ይወጣሉ፣ ከዚያም የስምንት ቁጥርን ቅርጽ ይዘው ዞረው ይመለሳሉ። አንዱ ከዘገየ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል፤ ስለዚህ ከኋላ ያለው የፊተኛውን ጀርባ በእጁ ነካ አድርጎ መግቢያውን ይነግረዋል። እኛ ሱዚ የምንለውን የላስቲክ ዝላይም ሴቶች ልጆች በግቢያችን በዜማ እየቆጠሩ ይጫወቱት ነበር፤ ልጄ ቻይንኛ መቁጠር የለመደችው ከክፍል ይልቅ እዚያ ነው።