«ዛሬ እንደ ትናንቱ አይጠባም»

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት እናት የአምስት ቀን ልጇን ታቅፋ ገባችና «ዛሬ እንደ ትናንቱ አይጠባም» አለችኝ። ሙቀቱን ለካሁ፤ 36.8 ነበር። ደረቱን አዳመጥኩ፣ ሆዱን ዳሰስኩ፣ ምንም አላገኘሁም። ጡት አያያዙን አሳይቻት ላሰናብታት ስል አልተነሣችም። «እሺ፤ ግን ልጄ አንድ ነገር ሆኗል» አለች። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ ፈርታ ነው ብዬ አጽናንቼ ሸኘኋት። በማግሥቱ ሌሊት ሲመለሱ ልጁን ያንዘፈዝፈዋል፤ የአናቱ እርግብግቢት ተወጥሯል። ከጀርባው የቀዳሁት ፈሳሽ ደፍርሶ ወጣ። ማጅራት ገትር ነበር። ልጁ ተረፈ። እኔ ግን የእናቱን ቃል እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ልጆቼ፣ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የምትገቡ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣ ስለ አራስ ሕፃናት ኢንፌክሽን ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ ይህንን ነው፦ የእናትን ቃል እንደ ላቦራቶሪ ውጤት ቁጠሩት። በራሷ አባባል ካርዱ ላይ ጻፉት።

ትልቅ ሰው ሲታመም ይናገራል፣ ያተኩሰዋል፣ ያመመውን ቦታ በእጁ ይይዛል። አራስ ሕፃን ይህ ሁሉ የለውም። በሽታን የመከላከል አቅሙ ገና አልጠነከረም። ከእናቱ የሚያገኛቸው ፀረ እንግዳ አካላትም በብዛት የሚሻገሩት በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ስለሆነ፣ ያለ ጊዜው የተወለደው ያለ ስንቅ ነው የሚመጣው። ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ሲገባ ብዙ ጊዜ የምታዩት ጩኸት ሳይሆን ጸጥታ ነው። ይጠባ የነበረው ይተዋል። ይወራጭ የነበረው ሲነኩት ብቻ ይንቀሳቀሳል። ሙቀቱ 38 ሲደርስ ሁሉም ይደነግጣል፤ ከ35.5 በታች ሲወርድ ግን «በርዶት ነው» ይባልና ተጠቅልሎ ይታለፋል። እኔን መቀዝቀዙ ከትኩሳቱ ባላነሰ ያስፈራኛል።

ትንፋሹን ስትቆጥሩ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። የአራስ ትንፋሽ ወጥ አይደለም፤ ፈጠን ይልና ጥቂት ቆም ይላል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል። 60 ወይም ከዚያ በላይ ካገኛችሁ ልጁ ሲረጋጋ ድገሙት። ሁለተኛውም ያው ከሆነ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ ቆዳው ከተዥጎረጎረ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ከዚያ የምጡን ታሪክ ጠይቁ። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ልጁ እስኪወለድ ስንት ሰዓት ሆነ? 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ ልብ በሉ። እናቲቱ በምጥ ላይ ሳለች አተኩሷት ነበር? ውሃው ይሸት ነበር? ልጁ ቀኑ ሳይሞላ ነው የመጣው? በመጀመሪያዎቹ 72 ሰዓታት የሚነሣ ኢንፌክሽን አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ መንገድ የመጣ ነው፤ ቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስና ኢ ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎች በግንባር ቀደምነት የሚጠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚነሣው፣ በተለይ ክፍላችን ውስጥ ተኝቶ በቆየ ልጅ ላይ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በእኛው እጅና በእኛው ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ በምናስገባው ቀጭን ቱቦ) የገባ ነው። ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው በራሱ እግር አይሄድም። ኢግናዝ ዜመልቫይስ በ1847 በቪየና ሐኪሞችን እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ ሲያደርግ የወላዶች ሞት ወዲያው እንደቀነሰ ሁላችሁም ተምራችኋል። ያም ሆኖ አንድ ሐኪም ሳይታጠብ ሦስት ሕፃናት ሲነካ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ሰው አለቃችሁም ቢሆን በትሕትና አስቁሙት።

የደም ካልቸር (ደሙ ውስጥ ያለውን ጀርም አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ይቀዳ። ቢያንስ 1 ሚሊ ሊትር ይሁን፤ በጥቂት ጠብታ ጀርሙን ማግኘት ዕድል ነው። ቆዳውን ከጠረጋችሁ በኋላ እስኪደርቅ ታገሡ፤ ያለዚያ የቆዳ ጀርም አብሮ ይገባና የማያስፈልገው ልጅ ለብዙ ቀናት ይወጋል። ደም ሥር አልገኝ ካለ ግን በካልቸር ምክንያት መድኃኒቱ ሰዓታት አይቆይ። የጀርባ ፈሳሽ መቅዳትንም አትሽሹ። የደም ካልቸሩ ንጹሕ ሆኖ ማጅራት ገትር ያለበት ልጅ አለ። ትንፋሹ ወይም የደም ዝውውሩ የማያስተማምን ከሆነ መድኃኒቱን ጀምሩና ሲረጋጋ ቅዱ።

ሲአርፒ (ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ፕሮቲን) ብዙ ወጣቶችን አታሏል። ኢንፌክሽን ከጀመረ በኋላ ለመጨመር ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የተወሰደው «ኖርማል» ምንም አያረጋግጥላችሁም። በነጭ የደም ሕዋሳትም በኩል ከመብዛታቸው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማነሳቸው ነው። ወረቀቱ ጤነኛ ነው፣ ልጁ ታሟል ከሆነ ልጁን እመኑ።

በብዙ ቦታ የመጀመሪያው ምርጫ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን የተባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ናቸው፤ ክፍላችሁ ውስጥ የሚገኙት ጀርሞች ሌላ ካላስገደዱ በስተቀር ከእነዚህ ጀምሩ። አምፒሲሊን ሊስቴሪያ የተባለውን ባክቴሪያም ይገድላል፤ ሴፋሎስፖሪኖች የሚባሉት መድኃኒቶች ግን አይነኩትም። የጄንታማይሲን መጠንና ክፍተት በልጁ የእርግዝና ዕድሜና ከተወለደ በኋላ ባሉት ቀናት ይወሰናል፤ ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳልና በግምት አትስጡት። ከሴፋሎስፖሪኖቹ አንዱ የሆነው ሴፍትሪያክሶን ደግሞ ቢሊሩቢንን (ቆዳን ቢጫ የሚያደርገውን ንጥረ ነገር) ከተሸካሚው ፕሮቲን፣ ከአልቡሚን፣ ያላቅቃል፤ ቢጫ ለሆነ አራስ አይሆንም፤ ካልሲየም ያለበት ፈሳሽ ለሚወስድም እንዲሁ። መድኃኒቱ እየገባም ስኳሩን ለኩ፣ ሙቀቱን ጠብቁ፣ የእናቱ ወተት በቱቦም ቢሆን ይድረሰው።

አሁን ብዙ የማይነገረውን ልንገራችሁ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ለመጀመር ድፍረት ያለው ሐኪም ለማቆም ይፈራል። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበርኩ፤ ካልቸሩ ምንም ባያበቅልም፣ ልጁ ደህና ቢጠባም «ለማንኛውም» እያልኩ እስከ ሰባት ቀን እቀጥል ነበር። በ1956 የታተመ አንድ ጥናት፣ ኢንፌክሽን እንዳይይዛቸው ተብሎ ሰልፋ የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ብዙዎቹ እንደሞቱ፣ ቢሊሩቢንም አእምሯቸውን እንደጎዳው አሳየ። በ1959 ደግሞ ክሎራምፌኒኮል የተባለ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተመሳሳይ ምክንያት ሲሰጥ ሕፃናቱ ግራጫ ሆነው መሞታቸው ተጻፈ። ሁለቱም «ለማንኛውም» ተብለው የተሰጡ ናቸው። ዛሬ የምንሰጣቸው መድኃኒቶች የተሻሉ ቢሆኑም፣ ያለ ምክንያት ሲረዝሙ ያለ ጊዜያቸው በተወለዱት ላይ የአንጀት ጉዳትና የፈንገስ ኢንፌክሽን ይበዛል። እንግዲህ ካልቸሩ ከ36 እስከ 48 ሰዓት ንጹሕ ከሆነ፣ ልጁም ደህና ከሆነ አቁሙ። ጀርሙ ደሙ ውስጥ ከተገኘ ግን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። ማጅራት ገትር ከሆነ ቢያንስ 14፣ የማጅራት ገትሩ ጀርም ግራም ኔጋቲቭ (እንደ ኢ ኮላይና ክሌብሲየላ ያለ) ከሆነ ቢያንስ 21 ቀን፤ ቤተሰቡ ቢቸኩልም፣ ልጁ የዳነ ቢመስልም ከዚህ አትቀንሱ።

ማጅራት ገትር የነበረበትን ልጅ ደግሞ የመስማት ምርመራ ሳታስይዙ ከሆስፒታል አታስወጡ። ያን የአምስት ቀን ልጅ ሸኝተን ቀጠሮ የሰጠነው ለክብደቱ ብቻ ነበር። ከወራት በኋላ እናቱ ይዛው መጣች። በር በኃይል ሲዘጋ አይደነግጥም፣ ስሙን ስጠራው ዞር አይልም አለችኝ። ለሁለተኛ ጊዜ ከእኔ ቀድማ ያወቀችው እሷ ነበረች። በዚህኛው ቀን ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ሰማኋት።