ሌሊት አፍን በፕላስተር ዘግቶ ስለመተኛት፦ ጥያቄና መልስ

በእንቅልፍ ምርመራ ሥራ ላይ የቆየሁ በመሆኔ፣ በእንቅልፍ ጊዜ በአፍንጫ ብቻ ለመተንፈስ ከንፈርን በፕላስተር አሽጎ ስለመተኛት የሚጠይቁኝ ሰዎች እየበዙ መጥተዋል። ለደረሱኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልስ እሰጣለሁ፤ ይሁን እንጂ በጽሑፍ የሚሰጥ መልስ የጠያቂውን አፍንጫና ጉሮሮ ማየት እንደማይችል አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ።

ጥያቄ፦ በአፍንጫ መተንፈስ በአፍ ከመተንፈስ በምን ይበልጣል? አየሩ ያው አየር አይደለም?

መልስ፦ ሲገባ ያው ነው፤ ሳንባ ሲደርስ ግን ይለያያል። በአፍንጫ የሚገባው አየር በመንገዱ ላይ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ አቧራውም በጸጉርና በንፍጥ ተይዞ ይቀራል። ከዚህም በተጨማሪ ሳይነስ የምንላቸው በአፍንጫ ዙሪያ ያሉ ክፍት የአጥንት ክፍሎች ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ፤ ይህ ጋዝ ከምንስበው አየር ጋር ወደ ሳንባ ሲወርድ የደም ሥሮችን በማስፋት ኦክስጅን በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ይህ ከመቅረቱም በላይ፣ መንጋጋውና ምላሱ ወደ ኋላ ስለሚሸሹ የጉሮሮው መተላለፊያ ይጠብና ማንኮራፋቱ ይብስበታል። ምራቁም ስለሚደርቅ ጥርሱ ለመቦርቦር ይጋለጣል፤ ጠዋት ላይ ደረቅ ጉሮሮና መጥፎ የአፍ ጠረን ይዞ ይነሣል። ስለዚህ በአፍንጫ የመተንፈስን ጥቅም የሚክድ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ አፍን መዝጋት አፍንጫን እንደ መክፈት መቆጠሩ ነው።

ጥያቄ፦ ሐሳቡን መጀመሪያ ያመጣው ማን ነው?

መልስ፦ አፍን ዘግቶ የመተኛት ምክር አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆርጅ ካትሊን፣ ሐኪም ባይሆንም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚህ ጉዳይ አጥብቆ ጽፏል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የሶቪየቱ ሐኪም ኮንስታንቲን ቡቴይኮ የአተነፋፈስ ልምምድ ዘዴ ከቀረጸ በኋላ፣ ዘዴውን ከሚከተሉ ሰዎች መካከል ሌሊት ፕላስተር የሚለጥፉ ነበሩ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም? ጥናት ተደርጎበታል?

መልስ፦ ተደርጎበታል፤ ግን ጥቂትና ትናንሽ ጥናቶች ናቸው። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ቀላል የእንቅልፍ አፕኒያ (በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም) ያለባቸውንና በአፋቸው የሚተነፍሱ 20 ሰዎችን ተመልክቶ፣ ፕላስተር ሲለጥፉ በሰዓት የሚያጋጥማቸው የትንፋሽ መቆራረጥ መካከለኛ ቁጥር (ሚዲያን) ከ8.3 ወደ 4.7 መውረዱን አሳይቷል። ውጤቱ ተስፋ ይሰጣል፤ ሃያ ሰው ግን ሃያ ሰው ነው። በ2025 አሥር ጥናቶችንና በድምሩ 213 ሰዎችን የመረመረ ግምገማ ደግሞ ጉልህ የሆነ የአፕኒያ መሻሻል ያገኘው በሁለቱ ጥናቶች ብቻ ነው፤ አፍንጫው ለተዘጋ ሰውም የመታፈን አደጋ እንዳለ አስጠንቅቋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ግን በ2024 የታተመው ጥናት ነው። አጥኚዎቹ አፕኒያ ያለባቸውን 54 ሰዎች በመድኃኒት አስተኝተው አፋቸውን በቀስታ በመዝጋት የአየሩን ፍሰት ለኩ። በጥቅሉ ሲታይ ፍሰቱ ተሻሻለ፤ ቀድሞውኑ አብዛኛውን አየር በአፋቸው ይስቡ በነበሩት ላይ ግን ቀነሰ። ይህን ልብ ይበሉ፦ ፕላስተር ያስፈልገኛል ብሎ የሚያስበው አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሰው ነው፤ ሊጎዳ የሚችለውም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሳንኮራፋ ቆይቼ ትንፋሼ ቀጥ እንደሚልና ከዚያም እንደምባንን ትነግረኛለች። ሁለት ሳምንት ፕላስተር ለጥፌ ተኝቻለሁ፤ ማንኮራፋቱም ጠፍቷል። ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ፤ ከዛሬ ሌሊት ጀምሮ ይተዉት። ባለቤትዎ የነገሩዎት የእንቅልፍ አፕኒያ ዋና ምልክት ነው። በዚህ ሕመም የጉሮሮ ግድግዳ በእንቅልፍ ጊዜ ተጣብቆ አየር ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ይቋረጣል ወይም በእጅጉ ይቀንሳል፤ ይህ በሰዓት ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲሆን ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ 30ና ከዚያ በላይ ሲሆን ከባድ ይባላል። ድምፁ መጥፋቱ የትንፋሽ መቋረጡ መቆሙን አያረጋግጥም፤ ይልቁንም ሰውነትዎ ለማምለጫ ይጠቀምበት የነበረውን በር ዘግተውበት ሊሆን ይችላል። ሳይታከም የቆየ አፕኒያ ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀን ላይ በሚያመጣው ድብታ ምክንያትም መኪና እየነዱ ማንቀላፋት አለ። በቅድሚያ የእንቅልፍ ምርመራ ያድርጉ። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቹ በ1981 ያስተዋወቁት፣ አየርን በጭንብል እየገፋ ጉሮሮን ክፍት የሚያደርገው ሲፓፕ የተባለ መሣሪያ እስከ ዛሬ ዋነኛው ሕክምና ነው።

ጥያቄ፦ አፍንጫዬ ብቻውን ይበቃኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ቀን ላይ ተቀምጠው ከንፈርዎን ገጥመው ለሦስት ደቂቃ ያህል በአፍንጫዎ ብቻ ይተንፍሱ። ካስጨነቀዎት ሌሊት ሊሞክሩት አይገባም፤ ጋደም ሲሉ የአፍንጫ ውስጠኛ ሥጋ ደም ስለሚሞላ መተላለፊያው ይበልጥ ይጠባልና። ፈተናውን ማለፍ ግን አፕኒያ የለብዎትም ማለት አይደለም። በነገራችን ላይ አንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ተራውን ለሌላው መልቀቁ የተፈጥሮ ዑደት በመሆኑ ሊያሳስብዎት አይገባም።

ጥያቄ፦ አፍንጫዬ ዘወትር ይዘጋል። ለወራት በየምሽቱ የሚከፍት መድኃኒት እነፋበታለሁ፤ አሁን ግን ያለእርሱ መተኛት አልችልም።

መልስ፦ ምናልባት አሁን የሚዘጋዎት መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። እንደ ኦክሲሜታዞሊን ያሉ የደም ሥር አጥባቂ መድኃኒቶች ከጥቂት ቀናት በላይ ሲወሰዱ አፍንጫው መልሶ ያብጣል፤ ሰውየውም ለእብጠቱ እንደገና ይነፋል። እንዴት እንደሚያቋርጡት ሐኪምዎን ያማክሩ። መነሻው አለርጂ ከሆነ በየቀኑ የሚወሰድ የስቴሮይድ ስፕሬይ ይረዳል፤ ውጤቱ ግን ቀናት ይፈልጋል። በጨው ውኃ ማጠብም ጥሩ ነው፤ ውኃው ግን በእንፋሎት የተጣራ (ዲስቲልድ) ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ መሆን አለበት፤ ያልፈላ የቧንቧ ውኃ ወደ አፍንጫ ማስገባት፣ ብዙም ባያጋጥም፣ ገዳይ ለሆነ ጥገኛ ተሕዋስ ያጋልጣልና። የአፍንጫ መካከለኛ ግድግዳ መጣመም ወይም ፖሊፕ (በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ለስላሳ እብጠት) ካለ ግን ስፔሻሊስት ማየት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሚተኛው። ትንሽ ፕላስተር ብለጥፍለትስ?

መልስ፦ በፍጹም። በዚህ ዕድሜ የተለመደው ምክንያት የአዴኖይድ (ከአፍንጫ በስተጀርባ ያለ ሥጋ) ወይም የቶንሲል ማበጥ ነው፤ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ የፊት ቅርጽን ያስተካክላል፣ መንጋጋን ያወጣል የሚባለውስ?

መልስ፦ አጥንቱ አድጎ ያበቃ ሰው መንጋጋ በከንፈር ላይ በተለጠፈ ፕላስተር አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ተመርምሬ አፕኒያ እንደሌለብኝ ተረጋግጧል፣ አፍንጫዬም ክፍት ነው። ልሞክረው ብልስ?

መልስ፦ እንዲህ ከሆነ አልከለክልዎትም። ለቆዳ ተብሎ የተሠራ፣ በቀላሉ የሚላቀቅ የሕክምና ፕላስተር ይምረጡ፤ አፍዎን ከዳር እስከ ዳር ከማሸግ ይልቅ አንዲት ጠባብ ቁራጭ ከላይ ወደ ታች በከንፈርዎ መካከል ይለጥፉ። ጫፏን አጥፈው ቢተዉት በድንገት ቢባንኑ ወዲያው ይስቡታል። አልኮል በጠጡበት፣ የእንቅልፍ ወይም የሚያደነዝዝ መድኃኒት በወሰዱበት፣ ባቅለሸለሸዎት ወይም ጉንፋን በያዘዎት ሌሊት ግን አይለጥፉ፤ አፉ ታሽጎ የሚያስታውክ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚጥል ሕመም ያለበትም ሰው ከዚህ መራቅ አለበት።

ጥያቄ፦ በአፍንጫ ጭንብል ሲፓፕ እጠቀማለሁ፤ አየሩ ግን በአፌ ያመልጣል። ፕላስተር ይፈቀዳል?

መልስ፦ በራስዎ ውሳኔ አይጀምሩ። መብራት ቢጠፋና መሣሪያው ቢቆም አፍዎ ክፍት መሆን ይኖርበታል። መሣሪያውን የሚከታተልልዎት ባለሙያ አገጭ የሚደግፍ ማሰሪያ ወይም አፍንና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍን ጭንብል ሊሰጥዎት ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው አፉን የሚከፍተው አፍንጫው ስለተዘጋ በመሆኑ፣ የመሣሪያውን የእርጥበት መጠን ማስተካከል ብቻ የሚበቃበት አጋጣሚ አለ።