“የዶክተር ስቴቶስኮፕ ለምን አደረገች?” ጥያቄና መልስ ከአንዲት ነርስ ጋር

በማያውቁት የሕክምና ጉዳይ ስለሚናገሩ የቲቪ ቶክ ሾው አቅራቢዎች ሁሌ አነሳለሁ፤ “ጥያቄ ያለው ይጠይቀኝ” ብዬ ነበርና ብዙ መጣ። ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሆስፒታል የምሠራ ነርስ ነኝ። 14 ዓመት ሆነኝ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ሁሌ የምታነሺው የነርሷ ጉዳይ ምንድን ነው? እኔ ያኔ አሜሪካ አልመጣሁም ነበር።

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2015 ነው። ሚስ አሜሪካ የቁንጅና ውድድር ላይ ኮሎራዶን ወክላ የቀረበችው ኬሊ ጆንሰን ነርስ ናት። ሌሎቹ ሲዘፍኑና ሲጨፍሩ እሷ የሥራ ልብሷን ለብሳ፣ የልብ ማዳመጫውን ስቴቶስኮፕ አንገቷ ላይ አድርጋ ወጣችና አልዛይመር ስለያዘው አንድ በሽተኛዋ ተናገረች። ከዚያ ኤቢሲ ላይ በሚተላለፈው “ዘ ቪው” በተባለው ቶክ ሾው አቅራቢዎቹ ሴቶች ስለ ውድድሩ ሲያወሩ ሚሼል ኮሊንስ ኢሜይሏን ጮክ ብላ እንዳነበበች ሰው አድርጋ ቀለደችባት። ጆይ ቤሃር ደግሞ “የዶክተር ስቴቶስኮፕ ለምን አደረገች?” አለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ቀልድ ነው እኮ! ለምን ይህን ያህል አናደዳችሁ?

መልስ፦ እሺ፣ ስቴቶስኮፑን ምን እንደማደርግበት ልንገርህ። ዲጎክሲን የሚባል የልብ መድኃኒት አለ። ከመስጠቴ በፊት ስቴቶስኮፑን በሽተኛው ደረት ላይ አድርጌ፣ ሰዓቴን እያየሁ አንድ ደቂቃ ሙሉ የልቡን ምት እቆጥራለሁ። ከ60 በታች ከሆነ መድኃኒቱን ሳልሰጥ ለዶክተሩ እደውላለሁ። ሌላም አለ። ልቡ የደከመ ሰው ግሉኮስ ሲንጠለጠልለት ፈሳሹ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ጀርባው ላይ ሳዳምጥ ፀጉርን ጆሮ አጠገብ በጣት ሲያሹት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከሰማሁ ውሃው እየሞላ ነው ማለት ነው። ይሄን የምሰማው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ዶክተሩ ሌላ ፎቅ እያለ፣ አንዳንዴም ቤቱ ተኝቶ እያለ ነው። የምደውልለት እኔ ነኝ፤ እኔ ካልሰማሁ እሱም አያውቅም። ያን ንግግር ያየሁት ናይት ሠርቼ ስገባ ነበር፤ አንገቴ ላይ ስቴቶስኮፑ የሠራው ምልክት ገና አልጠፋም። ስንት የአገሬ ልጅ ነው እዚህ አገር ነርስና የነርስ ረዳት ሆኖ ሌሊቱን የሚያነጋው!

ጥያቄ፦ ሰው ሁሉንም ሊያውቅ አይችልም። አለማወቅ ጥፋት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እኔም የማላውቀው ብዙ ነው። የሚያበሳጨኝ ለመጠየቅ ሁሉ ነገር እያላቸው አለመጠየቃቸው ነው። ፕሮዲውሰር አላቸው፣ ጉዳይ የሚያጣራላቸው ሰው አላቸው፣ ምን እንደሚያወሩም ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ቁጭ ብለው ይነጋገራሉ። አንድ ነርስ ጋ ለመደወል ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እኔ ቤቴ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ብሳሳት የሚሰማኝ ባለቤቴ ነው፤ እነሱን ግን ሚሊዮኖች ይሰሟቸዋል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ምን ሆነ?

መልስ፦ ነርሶች ስቴቶስኮፓቸውን አንጠልጥለው ፎቶ እየተነሱ ፌስቡኩን ሞሉት። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን ጨምሮ አንዳንድ ድርጅቶች ማስታወቂያቸውን ከፕሮግራሙ አነሱ። አቅራቢዎቹ መጀመሪያ ላይ የሰጡት ማብራሪያ ይቅርታ አይመስልም ነበር፣ ብዙዎቻችን አልተቀበልነውም። በኋላ ግን ነርሶችን ፕሮግራሙ ላይ ጋበዙ። ይሄ ነው ትክክሉ! የሚያውቀውን ሰው አምጥቶ ወንበሩን መልቀቅ።

ጥያቄ፦ አቅራቢው ራሱ ሐኪም ከሆነስ? ዶክተር ኦዝን ማለቴ ነው።

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። የራሱ የቲቪ ፕሮግራም የነበረው ዶክተር ኦዝ የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው፣ ስለ ልብ ቢናገር እሰማዋለሁ። ቲቪው ላይ ግን የማያወራው ነገር አልነበረም። ካልተቆላ ቡና የሚዘጋጅ ክኒን ያከሳል ብሎ ሲያወድስ፣ የቡና አገር ልጆች ስለሆንን መሰለኝ ስንቱ ሐበሻ ጠየቀኝ። በ2014 የአሜሪካ ሴኔት ጠርቶት ሴናተር ክሌር ማካስኪል ፊት ለፊት አፋጠጠችው። በዚያው ዓመት ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ ጥናት ፕሮግራሙ ላይ ከተሰጡት ምክሮች ማስረጃ የሚደግፋቸው 46 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆነው አገኘ። 15 በመቶው ደግሞ ከማስረጃው ጋር ይጋጫል።

ጥያቄ፦ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚለውስ ከቲቪ ነው የመጣው?

መልስ፦ መነሻው ቲቪ አይደለም። በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም 12 ሕፃናትን ብቻ ይዞ ላንሴት የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተመው ጽሑፍ ነው። በ2010 መጽሔቱ ጽሑፉን ሰረዘው፣ እሱም የሕክምና ፈቃዱን ተነጠቀ። ቲቪው ያደረገው ወሬውን ቤት ለቤት ማድረስ ነው። በ2007 ተዋናይዋ ጄኒ ማካርቲ ኦፕራ ቶክ ሾው ላይ ቀርባ ስለ ልጇ ኦቲዝም ስትናገር ክትባቱን ወቀሰች። እናት ናት፣ ሐዘኗ ይገባኛል። ግን ሳይንቲስት አይደለችም። በ2013 ደግሞ እዚያው “ዘ ቪው” ላይ አቅራቢ አድርገው ቀጠሯት! ይሄ ወሬ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ። በ2017 ሚኒሶታ ኩፍኝ ገብቶ ከ70 በላይ ሰው ያዘ፣ አብዛኞቹ የሶማሌ ልጆች ነበሩ። ወላጆቻቸው ኦቲዝምን ፈርተው ሳያስከትቧቸው የቀሩ። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እኛም ቤት ያው ወሬ ሲወራ ሰምቻለሁ።

ጥያቄ፦ በሕግ አይጠየቁም?

መልስ፦ እዚህ አገር በጣም ከባድ ነው። ኦፕራ በ1996 ስለ እብድ ላም በሽታ በተወራበት ፕሮግራም ላይ ሃምበርገር መብላት እንዳስጠላት ተናግራ የቴክሳስ ከብት አርቢዎች ከሰሷት። በ1998 አማሪሎ ላይ ለእሷ ተፈረደ። የመናገር ነፃነት ነው፣ እኔም ባይነካ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የእኛዎቹን አቅራቢዎችስ ለምን አትናገሪም?

መልስ፦ ስም አልጠራም፣ የሆነውን ልናገር። ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ስኳር አለባቸው። አንድ የመዝናኛ ፕሮግራም አቅራቢ ስለ አንድ የሚጠጣ ቅጠል ሲናገር፣ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላል ብሎ፣ ሰሙ። ከሁለት ወር በኋላ እግራቸው ቆስሎ መጡ። ስኳራቸው ከ400 በላይ ነበር። የስኳር መድኃኒታቸውን፣ የሜትፎርሚን ብልቃጡን፣ ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጡኝ፣ እሽጉ እንኳ አልተከፈተም። “ልጄ፣ እንዲያ ያለ ጨዋ ሰው በቲቪ ይዋሻል?” አሉኝ። የሚዋሽ አይመስለኝም። አንድ ሰው ነገረው፣ ደስ አለው፣ ሳይጠይቅ አወራው። የእሳቸው ጣት ግን ተቆርጧል።

ጥያቄ፦ እናቴ ቀኑን ሙሉ ቲቪ ላይ ናት። ምን ልበላት?

መልስ፦ አትከራከሪያት። አቅራቢውን ትወደዋለች፣ እሱን ስትነቅፊ የምትጎዳው እሷ ናት። “እማዬ፣ የፈለግሽውን እዪ፣ ግን መድኃኒት ከመተውሽ ወይ አዲስ ነገር ከመጀመርሽ በፊት ደውዪልኝ” በያት። ስትደውል ደግሞ፣ ሥራ ላይ ብትሆኚም፣ ስልኩን አንሺ።