የአሮጌ ፒካፕ ዝናብ መጥረጊያ፦ ጥያቄና መልስ

ሱሉልታ መግቢያ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ሰኔ ግም ሲል ጀምሮ ወደ እኔ የሚመጣው ሥራ አንድ ዓይነት ነው፦ «መጥረጊያዬ እምቢ አለ»። እንጦጦን በጉምና በበረዶ የወረደ ሰው መስታወት ሳይታይ መንዳት ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ስለዚህ ያላችሁን ጥያቄ አምጡ አልኩ። መጣ፣ በየተራ እንየው።

ከጫንጮ ወተት አመላልሳለሁ። ሀይሉክሷ አሮጌ ናት፣ ባለ 3ኤል ሞተር። መጥረጊያው ይንቀራፈፋል፣ ዝናቡ ሲበረታ ጭራሽ መሀል ላይ ይቆማል። መካኒኩ «ዳይናሞው (መጥረጊያውን የሚያዞረው ሞተር) ሞቷል፣ ቀይር» ብሎኛል። ልቀይር?

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። መጀመሪያ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንለይ። ኮፈኑን ክፈትና ዳይናሞውን ክንዶቹን ከሚያንቀሳቅሱት ዘንጎች ለየው። ከዚያ አብራው። ብቻውን ሲሆን ፈጥኖ ከዞረ ጤነኛ ነው። የደከመው ሸክሙ ስለከበደበት ነው።

ባለፈው ሐምሌ የአንተው ዓይነት መኪና መጥታ ነበር። ከመስታወቱ ስር ያለውን ባለ ቀዳዳ ላሜራ ስፈታው ውስጡ የባህር ዛፍ ቅጠል እንደ ጭድ ታጭቋል። ቅጠሉ የውሃ መውረጃውን ስለደፈነው ውሃው እዚያው ተኝቶ ከርሟል። ክንዶቹ የሚታሰሩባቸው ሁለት ምሰሶዎች በእጅ አይዞሩም። በፒንሳ ይዤ ስታገል ቡና የመሰለ የዝገት ዱቄት ይረግፋል። አውጥቼ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት፣ አጸዳሁት፣ ግራሶ ቀብቼ መለስኩት። ያው ዳይናሞ፣ ያው ባትሪ፣ መጥረጊያው ግን ሮጠ። ባለቤቱ ጋቢና ገብቶ አምስት ስድስቴ እያጠፋ እያበራ ያየው ነበር። በጣም ደስ ብሎኛል።

ለብቻው ሆኖም ከተንቀራፈፈ ወደ ኤሌክትሪኩ ሂድ። ሞተር አስነሳ፣ መጥረጊያውን አብራ። በቴስተር ባትሪው ላይ ለካ፣ ወደ 14 ቮልት ታገኛለህ። ከዚያ ዳይናሞው ሶኬት ላይ ለካ። ከ1 ቮልት በላይ ከቀነሰ ኃይሉ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ልዩነት ባታይም ማሳውን፣ ማለትም ኃይሉ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ሳታይ አትለፍ። አሮጌ መኪና ላይ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። አንድ ሽቦ ከዳይናሞው አካል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ አገናኝ። ፈጠን ካለ ማሳው የታሰረበትን ብሎን ፈትተህ ዝገቱን አንሳ፣ በቃ። ይሄ ሁሉ ታይቶ ካልዳነ ነው ካርቦኑን (ዳይናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል ኃይል የሚያቀብለውን) ማየት፣ ከዚያም ዳይናሞ መቀየር።

አንድ ነገር አደራ። ቁልፉን ሳትነቅል ጣትህን ዘንጎቹ መሀል እንዳታስገባ። ጉልበቱ ጣት ይቆርጣል።

ለገጣፎ ነው የምንኖረው። የባለቤቴ ፒካፕ ፊውዙ በየቀኑ ይቃጠላል። ጎረቤታችን «ትልቅ ፊውዝ አድርጉበት» አለን።

እህቴ፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት። ፊውዙ የሚቃጠለው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ትልቅ ካደረጋችሁበት ቀጥሎ የሚነደው ዳሽቦርዱ ስር ያለው ሽቦ ነው፣ ያ ደግሞ መኪናውን ሊያነደው ይችላል። ፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አስገቡ። ከዚያ ሶኬቱን ከዳይናሞው ነቅላችሁ አብሩት። አሁንም ከተቃጠለ ሽቦው የሆነ ቦታ ተልጦ አካል ነክቷል። ካልተቃጠለ ወይ ዘንጉ ነክሷል (ተጣብቆ አልንቀሳቀስም ብሏል) ወይ ዳይናሞው ውስጥ ችግር አለ።

የተሳፋሪው በኩል ይሠራል፣ የሾፌሩ አይንቀሳቀስም።

ዳይናሞው አንድ ስለሆነ እሱን ተወው። ክንዱ ስር ያለችውን ክዳን አንሳና ዳዶውን እይ፣ ላልቶ ይሆናል። ጠበቅ አድርገው። ዳዶው ጠብቆም ከተንሸራተተ የክንዱ ጥርስ ተበልቷል፣ ክንዱ ይቀየራል። ምሰሶው ራሱ ካልዞረ ደግሞ ዘንጉ ከፕላስቲክ ቡሹ ወልቋል ማለት ነው። በሽቦ የሚያስሩት አሉ። አልመክርም፣ መልሶ የሚወልቀው ዝናብ ላይ ነው።

ሳጠፋው ቦታው ላይ አይተኛም፣ ባለበት ይቆማል።

ዳይናሞው ውስጥ ትንሽ ባለ መዳብ ሰሌዳ አለች። አንተ ብታጠፋም ክንዱ ታች እስኪደርስ ኃይል የምታቀብለው እሷ ነች። ስትቆሽሽ ወይም ስትበላ ክንዱ ያለበት ይቀራል። ከፍተህ አጽዳት፣ ጥርሱ ላይ ያለው ግራሶ እሷ ላይ እንዳይፈስ ተጠንቀቅ።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዳይናሞ ገዝቼ አስገጠምኩ። ከድሮውም ባሰ።

ከምን መኪና እንደወጣ ጠይቀሃል? የአይሱዙ ጭነት መኪኖች ብዙዎቹ ባለ 24 ቮልት ናቸው፣ ፒካፕህ ግን ባለ 12 ነው። የ24ቱን በ12 ብታሠራው ይሳባል። አካሉ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከነዘንጉ የምትገዛ ከሆነ ደግሞ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና የወጣ እንዳይሆን፣ አቀማመጡ ስለሚገለበጥ አይገጥምልህም። ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ጎን ለጎን አስተያይ።

አዲስ ላስቲክ ነው፣ ግን ይንጫጫል፣ መስታወቱንም ያደበዝዘዋል።

መስታወቱን በጣትህ ንካው። ከፊትህ ከሚሄደው ናፍጣ መኪና የተረፈ ቅባት ታገኛለህ። በሳሙናና በሞቀ ውሃ እጠበው፣ ከዚያ ኮምጣጤ ባስነካኸው ጨርቅ ጥረገው። ላስቲኩንም በዚያው ጨርቅ። በላምባ የሚያጸዱ አይቻለሁ፣ ላስቲኩን ያበላሸዋል። አሁንም ከተንቀጠቀጠ ክንዱ ተጣሟል። ላስቲኩ መስታወቱ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ሲመለስ ይዘላል።

በበጋ የደረቅ አቧራ ላይ ደግሞ መጥረጊያ አታብሩ። መጀመሪያ ውሃ። አቧራው ላስቲኩንም መስታወቱንም ይጭራል።

መንገድ ላይ፣ ዝናብ ውስጥ ቢቆምብኝስ?

ፍጥነት ቀንስ፣ አደጋ መብራት አብራ፣ ከአስፋልቱ ወጥተህ ቁም። ፊውዙን እይ። ተቃጥሎ ከሆነ ከሬዲዮው ወይም ከሌላ ለጊዜው ከማያስፈልግህ ነገር ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ነቅለህ ተካ። ፊውዙ ደህና ከሆነ ዳይናሞው ግሎ ሊሆን ስለሚችል አጥፍተህ አስር ደቂቃ አሳርፈው። ድሮ ሾፌሮች ድንች ለሁለት ቆርጠው መስታወቱን ይቀቡ ነበር። ውሃው መስታወቱ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ስለማይቆም ትንሽ ያሳያል፣ ቀን ላይ ቀስ ብለህ እስከሚቀጥለው ማደያ ለመድረስ ይረዳል። ማታ ከሆነ ግን አትሞክረው። የሚመጣው መብራት መስታወቱ ላይ ይበተንና ምንም አታይም። እዚያው ቆመህ እስኪያባራ ጠብቅ።