ጥያቄና መልስ፦ ሁሉ ነገር ጨጓራ አይደለም

ከአራት ኪሎ፦ ጥብስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ስቡ ሆድ ውስጥ ይረጋል የሚባለው እውነት ነው?

አይረጋም። ውሃው ወዲያው በሰውነት ሙቀት ይሞቃል። ይጠጡ።

ከፒያሳ፦ አንድ አንባቢ ረዘም ያለ ደብዳቤ ልከዋል። ክትፎ ወይም ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በበሉ ቁጥር፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከቀኝ ጎድናቸው ሥር ጨምድዶ ይይዛቸዋል። ሕመሙ ቀኝ ትከሻቸው ድረስ ይዘልቃል። በጾም ቀለል ይላቸዋል። የጨጓራ ኪኒን እየገዙ ሲውጡ ዓመት አልፏል። አሁን «ጠንከር ያለ የለም ወይ?» ይላሉ።

እባክዎ ኪኒን መቀያየሩን ይተዉት! የነገሩኝ ምልክት ከጨጓራ ይልቅ የሐሞት ጠጠርን ያስጠረጥራል። ስብ በዋናነት የሚፈጨው ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው። ከውሃ ጋር ስለማይዋሃድ፣ ሳሙና የድስት ቅባት እንደሚበትነው ሁሉ ሐሞት ደቃቅ ጠብታ ያደርገዋል። ከዚያ ከቆሽት የሚመጣው ላይፔዝ የሚባል ኢንዛይም ይሰባብረዋል። የአንጀትን ግድግዳ ካለፈ በኋላም አብዛኛው ስብ ቀጥታ ደም ውስጥ አይገባም። ሊምፍ የሚባለው ከደም የተለየ ፈሳሽ በሚሄድበት ቧንቧ ዞሮ አንገት ሥር ከደም ጋር ይቀላቀላል።

የእርስዎ ጉዳይ ሐሞቱ ጋ ነው። ጉበት የሚያመርተው ሐሞት እስኪፈለግ ድረስ በአንዲት ትንሽ ከረጢት ይጠራቀማል። ቅቤው አንጀት ሲደርስ ከረጢቷ ትጨመቃለች። ጠጠር መውጫዋን ከዘጋው የሚጨመድድዎት ያኔ ነው። የጨጓራ ኪኒን አሲድ ይቀንሳል እንጂ ጠጠር አያነሳም። በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሄደው ሆድዎን በአልትራሳውንድ ይታዩ። ምግብ ሳይቀምሱ ይሂዱ፤ ምርመራው አያምም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ፣ ወይ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ግን ሳምንት አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ጠጠሩ ወርዶ የሐሞት ቧንቧውን ከዘጋ ቆሽትንም ያስቆጣል፤ ያ ለሕይወት ያሰጋል። «ጨጓራዬ ነው» ብለው ሳይመረመሩ የሚከርሙ ሰዎች መብዛታቸው ያሳዝነኛል።

ከለገሃር፦ የሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ቅቤ ቀረብኝ?

አልቀረብዎትም። ሐሞት የሚሠራው ጉበት ነው፤ ከረጢቷ ማጠራቀሚያ ነበረች። አሁን ጥቂት በጥቂት ቀጥታ ወደ አንጀት ይወርዳል። ስለዚህ ቅባት ያለውን ምግብ በአንድ ጊዜ አያብዙ። ተቅማጥ ካስቸገረዎት ለሐኪምዎ ይንገሩ።

ከስታዲየም አካባቢ፦ ክብደት ልቀንስ ብዬ ጎመኑንም ካሮቱንም ያለ ዘይት ነው የምበላው።

ትንሽ ዘይት ጠብ ያድርጉበት። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ በደንብ ወደ ሰውነት አይገቡም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስላለው ግን ከጠርሙሱ አይገልብጡ፤ በማንኪያ ይለኩ።