ሲጋራ ሳያጨሱ የሳንባ በሽታ?

ጥያቄ፦ እናቴ የ56 ዓመት ሴት ናቸው፤ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን በኩበትና በባሕር ዛፍ እንጨት እንጀራ ሲጋግሩ፣ አረቄ ሲያወጡ ኖረዋል። አሁን ሳሉ አልለቅ ብሏቸዋል፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ጭሱ ይሆን? (አንባቢ፣ ከደንበጫ)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። የጭሱ ደቃቅ ብናኝ እስከ ሳንባ ጥግ ይገባል፤ ለዓመታት ሲደጋገም የአየር ቧንቧዎችን ያቆስላል፣ ያጠባል። አረቄ ማውጣት ይብሳል፤ እሳቱ ለሰዓታት ይነዳልና። የሳንባ ካንሰር ዋነኛ መንስኤ ሲጋራ ቢሆንም፣ የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የቤት ውስጥ የእንጨት ጭስን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ጋር መድቦታል።

ግን ሁሉን በጭሱ አያሳብቡ። ከ2 ሳምንት ያለፈ ሳል መጀመሪያ የቲቢ የአክታ ምርመራ ይፈልጋል፤ እናትዎን ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ክሳት ካለ ራጅም ይነሡ፤ እባክዎ አይዘግዩ።

ምርጥ ምድጃ እንጨት ይቆጥባል፤ ጭስ ማውጫ ከሌለው ግን ጭሱ እዚያው ማድ ቤት ይቀራል። የጭስ ማውጫው ጫፍ ከጣሪያው በላይ ይውጣ፤ ጥላሸቱም በየጊዜው ይጠረግ፣ ሲደፈን ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል። እርጥብ እንጨት አይማገድ። ሕፃን አዝሎ መጋገርም ይቅር።